ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ወንዝ

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የሚፈሰው የማዲሰን ወንዝ ከብዙ አገሮች ዓሣ አጥማጆችን ይስባል። ወደዚያ የሚጓዙት ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ፍለጋ ሲሆን፣ የሚያጠምዱበት ዘዴም ለየት ያለ ነው። በመንጠቆው ላይ ትል አይሰኩም፤ ከላባና ከክር የተሠራ፣ በውሃ ላይ ያረፈ ነፍሳት የሚመስል ሰው ሠራሽ ዝንብ ያስሩበታል። ዝንቡ እጅግ ቀላል በመሆኑ ወደ ወንዙ ተሸክሞት የሚበረው የክሩ ክብደት ነው። (የዚህ ውርወራ ፊዚክስ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

በሐምሌና በነሐሴ ግን ልምድ ያለው አጥማጅ ከዝንቡ አስቀድሞ ከኪሱ የሚያወጣው ቴርሞሜትር ነው። እኛ ዘንድ ክረምት የሆኑት እነዚህ ወራት በዚያ የበጋው ሙቀት የሚያይልባቸው ናቸው። በሞንታና የወንዙ ሙቀት ለሦስት ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከደረሰ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለከል ይችላል። ሕዝቡ ክልከላውን በጉጉት ስም ይጠራዋል። ስያሜው የተወረሰው ደኑ በሚደርቅበት ወቅት ቃጠሎ እንዳይነሳ በመፍራት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ የጉጉት ድምፅ እየሰሙ ሥራ ይጀምሩ ከነበሩ እንጨት ቆራጮች ነው።

ብዙዎቹ አጥማጆች የያዙትን ዓሣ ወዲያውኑ ወደ ውሃው ይመልሱታል። ታዲያ ክልከላው ለምን አስፈለገ?

ስኳር በሙቅ ውሃ ይበልጥ እንደሚሟሟ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጋዝ ጠባይ ግን ተቃራኒ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ስለሚጨምር፣ በውስጡ የሟሟው ኦክስጅን በቀላሉ ያመልጣል። በባሕር ጠለል ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ23 ዲግሪ የሚይዘው 8.6 ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከፍታ ይጨመራል። በሄንሪ ሕግ መሠረት የሚሟሟው ጋዝ መጠን ከውሃው በላይ ካለው የዚያው ጋዝ ግፊት ጋር ይመጣጠናል። ማዲሰን የሚገባበት የሄብገን ሐይቅ ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛውን እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለሆነም 8.6 የነበረው ወደ 6.7 ይወርዳል። በዚያው ከፍታ አንድ ሊትር አየር ከ200 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን እንዳለው ስናስብ፣ ዓሣ በስንጥቡ የሚለቅመው ሀብት ምን ያህል ስስ እንደሆነ እንረዳለን።

አቅርቦቱ ሲቀንስ ፍላጎቱ ያድጋል። የዓሣ የሰውነት ሙቀት ከውሃው ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ውሃው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የኦክስጅን ፍጆታው ወደ እጥፍ ይጠጋል። መንጠቆ የያዘው ትራውት ሲታገል ደግሞ ጡንቻዎቹ ያለ ኦክስጅን ኃይል ያመነጫሉ፤ ላክቲክ አሲድም ይከማቻል። ይህ ዕዳ የሚከፈለው ከተለቀቀ በኋላ በሚያገኘው ኦክስጅን ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ይከፍለዋል፤ በሞቀው ውሃ ግን መክፈያ ያጥረዋል። በመሆኑም በደህና ዋኝቶ የሄደ የመሰለው ዓሣ ከሰዓታት በኋላ፣ አጥማጁ ሳያየው፣ ሊሞት ይችላል።

ሰዓቱስ እንዴት ተመረጠ? ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር የውሃ ገጽ ላይ 800 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል እንበል። ወንዙ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ ኃይሉም ሳይባክን ውሃው ውስጥ ከቀረ፣ ሙቀቱ በሰዓት 1.4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከሆነ ጭማሪው በግማሽ ይቀንሳል። በተራሮቹ ላይ የተከማቸው በረዶ ቀልጦ አልቆ ወንዙ በሚጎድልበት በጋ አደጋው የሚብሰው ከዚህ የተነሳ ነው። ውሃው የሚሞቀው ቀስ በቀስ ስለሆነ ከፍተኛው ሙቀት የሚመዘገበው ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ነው። የሚቀዘቅዘውም ቀስ በቀስ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ሙቀት ጎህ ሲቀድ ይገኛል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት እኩለ ሌሊት ላይ የሚያበቃ ክልከላ ፊዚክሱን በግማሽ ብቻ ተከትሏል። የማዲሰን መነሻ የሚገኝበት የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ወንዞቹን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ መዝጋቱ የተሻለ ነው እላለሁ።

በፓርኩ ውስጥ የጊበንና የፋየርሆል ወንዞች ተገናኝተው ማዲሰንን ይፈጥራሉ። ፋየርሆል የጋይሰሮችና የፍልውሃዎች ውሃ ስለሚገባበት በበጋ አንዳንድ ቦታ እስከ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ለትራውት ይህ የሞት ሙቀት ነው። ዓሦቹ ግን ወደ ቀዝቃዛ ገባር ጅረቶች ሸሽተው ወቅቱን ያሳልፋሉ።

ሐይቅ ላይ መሸሻው ወደ ታች ነው። ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ ቀለል ስለሚል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከበድ ብሎ ከታች ይተኛል። ነገር ግን በአንዳንድ ሐይቆች የታችኛው ውሃ ከአየር ጋር ስለማይገናኝና የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅኑን ስለሚጨርሰው፣ ዓሣው ከላይ በሙቀት፣ ከታች በኦክስጅን እጥረት መካከል ይጣበባል። በሄብገን ነፋስ በማይነፍስበት የበጋ ማለዳ ትራውቶች ወደ ውሃው ገጽ ብቅ እያሉ ነፍሳት ይለቅማሉ። አጥማጆችም ይህን ሰዓት ይጠብቃሉ።

ትራውት በአገራችንም አለ። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በወይብና በደንካ፣ ተለቋል። በ3000 ሜትር ከፍታ 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 7.8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ይህም በሞቃት ቀን በማዲሰን ከሚገኘው 6.7 ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ያለው በፍላጎቱ ላይ ነው፤ በ10 ዲግሪ የሚኖር ዓሣ የሚያስፈልገው ኦክስጅን በ23 ዲግሪ ከሚኖረው ከግማሽ ያነሰ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በባሌ አጥማጁን የሚያስቸግረው ጎርፍ ያደፈረሰው ውሃ ነው፤ በድፍርስ ውሃ ዓሣው ዝንቡን አያየውም።