ቻርጅ የሚይዘው ፕላስቲክ

አብዛኞቹ ፕላስቲኮች ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። በዚሁ ምክንያት በገጻቸው ላይ ያረፈ የኤሌክትሪክ ቻርጅ መውጫ ያጣና ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እዚያው ይቆያል። ቻርጁን እንዲህ ይዞ የሚቆይ ቁስ ኤሌክትሬት ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጃፓናዊው ሞቶታሮ ኤጉቺ ሰምና ሙጫ አቅልጦ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ በማርጋት ዘላቂ ኤሌክትሬት ሠራ። በ1962 ደግሞ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት ከስስ የፕላስቲክ ሽፋን ማይክሮፎን ሠሩ። ስልኮችና የድምፅ መቅረጫዎች ለብዙ ዓመታት የሠሩት በዚሁ ዓይነት ማይክሮፎን ነው።

የዚህ እውቀት ትልቁ ውለታ ግን በኤን 95 ማስክ ውስጥ ያለው ነው። የማስኩ ማጣሪያ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የቀለጠ ፕላስቲክ የሚነፋ የጭረት ድር ሲሆን፣ የብዙዎቹ ጭረቶች ውፍረት ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከቫይረስ እጅግ ይሰፋል። ትልልቅ ብናኞች ከጭረቱ ጋር ይጋጫሉ፤ እጅግ ደቃቆቹም ወዲያ ወዲህ ሲዋልሉ ይነኩታል። የሚያመልጡት መካከለኞቹ ናቸው። እነዚህን የሚይዛቸው ቻርጁ ነው፤ ፀጉር ያበጠረ ማበጠሪያ ብጣሽ ወረቀት እንደሚስብ ሁሉ ጭረቱ ብናኙን ወደ ራሱ ይስባል። ቻርጅ ባይኖር ያንኑ ያህል ለማጣራት ድሩ መወፈር፣ ለባሹም በጭንቅ መተንፈስ ነበረበት። በ1990ዎቹ ማጣሪያን ቻርጅ የማድረጊያ ዘዴ የፈለሰፈው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ትሳይ፣ በ2020 ማስክ ሲጠፋ ከጡረታ ተመልሶ ማስኩ ሳይበላሽ ዳግም የሚያገለግልበትን መንገድ መርምሯል።

ቻርጁ የሚቀመጠው በፕላስቲኩ ሞለኪውሎች ሰንሰለቶች ጉድለቶችና በተደራጀውና ባልተደራጀው ክፍል ድንበር ላይ ነው። ናኖ መጠን ያላቸው ጭረቶች ከክብደታቸው አንጻር ሰፊ ገጽ አላቸው፤ በውስጣቸው የሚጨመሩ ናኖ ቅንጣቶችም ተጨማሪ መያዣ ቦታ ይፈጥራሉ። ውሃ የማያስጠጋ ሸካራ ናኖ ገጽ ደግሞ እርጥበት ቻርጁን እንዳያሸሽ ይከላከላል። ተመራማሪዎች ዛሬም የሚደክሙት በዚሁ ላይ ነው፤ ቻርጁን መስጠት ቀላል ነው፣ ከባዱ ማቆየቱ ነው።

ከፍተኛ ሙቀት የተያዘውን ቻርጅ ይፈታል። አልኮልና ሳሙና ደግሞ የከፋ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ማስኩ ንጹሕና ደህና መስሎ ይታያል፣ የማጣራት አቅሙ ግን በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ ኤን 95 ማስክ የሚጠቀም ሰው፣ በተለይ የጤና ባለሙያ፣ ማስኩ ላይ ሳኒታይዘር አይርጭበት፣ በሳሙናም አይጠበው።