ስለ ሩጫና ስለ ወገብ ሕመም

ሩጫና የሰውነት ማጎልመሻ ለጤና የሚሰጡት ጥቅም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሲሮጡ ወገባቸውን ከሚያማቸው ሰዎች ገሚሶቹ ሕመሙን ንቀው ሩጫቸውን ይቀጥላሉ፤ ገሚሶቹም አልጋ ይዘው ይሰነብታሉ። ሁለቱም የሚጎዱ ስለ ሆኑ ነገሩን በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

የከተማችንን ኤረር በርን ለምሳሌ እንውሰድ። ከጁገል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች የምሥራቁ እርሱ ነው፤ ከዚያ ወደ ኤረር ሸለቆ የሚያመራው መንገድም ቁልቁለት ነው። ቁልቁል የሚሮጥ ሰው እንዳይወድቅ ሲል ሰውነቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ተረከዙንም በኃይል ያሳርፋል። በዚህ ጊዜ ወገቡ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ እግር መሬትን ሲመታ የሚነሣው ግፊትም ከሜዳው ሩጫ ይልቅ ይበረታል። የሆድና የመቀመጫ ጡንቻዎች ደካሞች ከሆኑ ሸክሙ በወገብ ላይ ያርፋል።

እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ/ አልጋ ላይ አትዋሉ። ሩጫውን ቀንሳችሁ በሜዳ ላይ በእግር ተጓዙ።

2ኛ/ ሕመሙ ሲቀል ለጥ ባለ ስፍራ፥ በአጭር እርምጃ፥ ጥቂት በጥቂት ሩጫ ጀምሩ፤ ቁልቁለቱን ግን በእርምጃ ውረዱ።

3ኛ/ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን በጀርባችሁ ተንጋልላችሁ፥ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፥ መቀመጫችሁን ከመሬት አንሡ፤ እስከ 10 ቆጥራችሁም በዝግታ መልሱ። ይህንንም 10 ጊዜ ደጋግሙት።

የልጆች አጥንት ገና ስላልጠና ወገብን ደጋግሞ ወደ ኋላ ማጠፍ የአከርካሪን አጥንት ሊሰነጥቅ ይችላል። ወደ ኋላ ሲታጠፍ የሚብስ ሕመም ከ2 ሳምንት በላይ የቆየበትን ተማሪ መምህሩ ከሩጫ ያሳርፈው፤ ወደ ሐኪምም ይላከው።

ከሩጫ የማይመጣ የወገብ ሕመምም አለ። ትኩሳት፥ የሌሊት ላብና ክሳት ሲጨመሩበት፥ ሳል ባይኖርም እንኳ፥ የነቀርሳ ጀርም ወደ አከርካሪ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያልተፈላ የፍየል ወይም የግመል ወተት የሚጠጣ ሰውም ብሩሴሎሲስ በሚባለው በሽታ ወገቡን ሊያመው ይችላል። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ ሕክምናው ሲዘገይ ግን የአከርካሪ ነቀርሳ ጀርባን ያጎብጣል፤ እግርንም ሽባ እስከ ማድረግ ይደርሳል።

እግር ሲዝል፥ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ ሲሰማ፥ ወይም ሽንትና ዓይነ ምድር አልታዘዝ ሲል ግን ለነገ አይባልም። በሽተኛው በዚያው ቀን ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል ይወሰድ።

መምህራን ሆይ፥ «ወገቤን አመመኝ» ያላችሁን ተማሪ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሕመሙ መቼ እንደሚብስ፥ ሌሊት ያልበው እንደ ሆነ፥ ከስቶም እንደ ሆነ ጠይቁት። ይህ አጭር ጥያቄ ልጁን ከዕድሜ ልክ ጉዳት ሊያድነው ይችላል።