የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ወገኖችና የመርካቶ ነጋዴ ድርሻ

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስለ አንድ ጉዳይ ከመምከር በፊት ምንነቱን ማወቅ ይቀድማል። በከተማችን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ልጆችና ወጣቶች በተነሣ ቁጥር፣ ነገሩ ለሐኪም፣ ለመምህርና ለበጎ አድራጊ ብቻ የተተወ ሆኖ ይታያል። ነጋዴው የሚታወሰው ለዕርዳታ መዋጮ በሚጠየቅበት ቀን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ጉዳዩ የንግድ ቤትም ጉዳይ መሆኑን፣ ከመርካቶ ነጋዴ የሚፈለገውም ከመዋጮው ይልቅ የሥራ ቦታ መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማስረዳት ነው።

የጉዳዩ ምንነት

ከሁሉ አስቀድሞ የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። የአእምሮ ሕመም ደኅና ሆኖ ያደገውን ሰው በማናቸውም ዕድሜ ሊይዘው፣ በሕክምናም ሊሻለው ይችላል። የዕድገት ውስንነት ግን ከልደት ወይም ከሕፃንነት ጀምሮ ከሰውዬው ጋር አብሮ የሚኖር ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው የፈውስ ተስፋ ሳይሆን ትምህርት፣ ልምምድና ተስማሚ ሁኔታ ነው።

ከእነዚህ መካከል ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ኦቲዝምና ዳውን ሲንድረም ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ሰው ከሌላው ጋር መግባባት ይከብደዋል። አንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው አጥርቶ ይናገራል። ብዙዎቹ የለመዱት ሥርዓት በድንገት ሲለወጥ ይጨነቃሉ፤ ጩኸትና ግፊያም ከሌላው ሰው ይበልጥ ይረብሻቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንደነበረበት ገምቷል። ዳውን ሲንድረም ደግሞ ከሰውነት ሕዋሳት አፈጣጠር የሚመጣ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዤንና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ ሃያ አንደኛው ክሮሞሶም በሁለት ፈንታ ሦስት ሆኖ ሲገኝ ይህ ሁኔታ ይከሠታል።

ይህን መዘርዘር ያስፈለገው በብዙ ቤት ጥፋቱ በእናቲቱ ላይ ስለሚጣል ነው። እርግማን ነው፣ የኃጢአት ዋጋ ነው፣ ልጁን አሞላቃ ያበላሸችው እርሷ ናት ይባላል። እንዲህ ያለው ስሕተት በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. የ11 ሕፃናትን ሁኔታ መርምሮ ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ፣ ምሁራን ሳይቀሩ ለብዙ ዓመታት ነገሩን ፍቅር በነሡ እናቶች ላይ ሲያላክኩ ኖረዋል። ኋላ የተደረገው ምርምር ግን ይህን አስተሳሰብ ውድቅ አድርጎታል። እናት የምትወቀስበት ምክንያት የለም።

በከተማችን የተጀመረው ሥራ

በአዲስ አበባ ስለ ኦቲዝም በግልጽ እንዲነገር ካደረጉት መካከል በቀዳሚነት የሚጠሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለውን የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ የንግድ ሰው ነበሩ። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ፈልገው ባጡ ጊዜ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም የጀመሩት ሥራ ለሌሎች መንገድ ከፍቷል። ሥራው ከንግዱ ዓለም በወጡ ሰው መጀመሩን የንግድ ማኅበረሰባችን ሊያስታውሰው ይገባል።

ከዚያም ወዲህ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በወላጆች ጥረት ተቋቁሟል። ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ልጆች የቀድሞው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳ የመሠረቱት ዲቦራ ፋውንዴሽን አለ። ወላጆች ስለ ልጆቻቸው መብት የሚናገሩበት «ፍቅር» የተባለው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ብሔራዊ ማኅበርም ይገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠናም በአገራችን ቋንቋና ኑሮ ልክ ተስተካክሎ ተሞክሯል፤ ወላጆች ከልጃቸው ጋር እንዴት እንደሚግባቡና የዕለት ሥራ እንዴት እንደሚያለማምዱት ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ማዕከል ካገኘው ልጅ ይልቅ በጓሮ ክፍል የሚውለው እንደሚበዛ አያጠራጥርም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክፍሎች የተገኙ 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቆ ነበር። ከእነርሱ ከመቶ 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከመቶ 26 የሚበልጡትም ነገሩን ምስጢር አድርገው ለመያዝ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። እነዚህ እንግዲህ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሐኪም ለመውጣት የቻሉት ናቸው። ከቤታቸው ያልወጡት ብዛታቸው ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምት።

ልጁ ካደገ በኋላ

ከላይ የተጠቀሱት ተቋማት በአመዛኙ የልጅነትን ዘመን የሚያግዙ ናቸው። ይሁንና ልጅ ልጅ ሆኖ አይቀርም። ጆይ በተከፈተ ጊዜ የአምስትና የስድስት ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ልጆች ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ልብሱን መልበስ፣ ጠረጴዛ ማሰናዳት፣ ዕቃ በመልክ በመልኩ መለየት የተማረው ወጣት፣ ትምህርቱን በጨረሰ ማግሥት የሚሄድበት ከሌለው ወደዚያው ወደ ጓሮ ክፍል ይመለሳል። በብዙ ድካም የተገኘውም ዕውቀት ይጠፋል።

ጉዳቱ በወጣቱ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ለምሳሌ በሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ የምትሸጥ አንዲት እናት እናስብ። ልጇን የሚጠብቅላት ስታጣ ሱቋን አርፍዳ ትከፍታለች፤ በጊዜ ትዘጋለች፤ ደንበኞቿም ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ኋላም ንግዱን ለሌላ አስረክባ ቤት ትቀመጣለች። በዚህ ሁኔታ ከገበያው የሚጎድሉት ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ ሥራ የተነፈገው ወጣት፣ ሁለተኛዋም እርሱን ለመጠበቅ ሥራዋን የተወችው እናት። ወጣቱ በቀን አራት ሰዓት ሥራ ላይ ቢውል ሁለቱም ይመለሳሉ።

ሕጉ ምን ይላል

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ያለባቸውን ብቻ ሳይሆን፣ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ያጠቃልላል። አዋጁ በሥራ ምርጫ ጊዜ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። አሠሪውም ተስማሚ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል፤ ይኸውም የሥራ መሣሪያን፣ የሥራ ሰዓትን፣ የሥራውን አደረጃጀትና አካባቢውን ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ27ኛው አንቀጽ ይህንኑ የሥራ መብት ይደነግጋል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የቀረበው ሐሳብ እንደ ምጽዋት የሚታይ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በአገሪቱ ሕግ የተጻፈ ግዴታ መሆኑ መታወቅ አለበት።

በንግድ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል

«በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ሥራን ከፋፍሎ በማየት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመርካቶ በአንድ የጅምላ ንግድ ቤት በጸሐፊነት እንደሚመለከተው፣ አንድ ጭነት ከመኪና ወርዶ ለደንበኛ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ትናንሽ ሥራዎች ይሠራሉ። ካርቶን ይከፈታል፤ ዕቃው ይቆጠራል፤ በቀለምና በልክ ይለያል፤ በደርዘን ይታሰራል፤ ዋጋ ይለጠፍበታል፤ በመደርደሪያ ይደረደራል፤ ባዶውም ካርቶን ታጥፎ ይከመራል። ዋጋ መከራከርና ሒሳብ መያዝ የማይችል ሰው ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን አጣርቶ ሊሠራ ይችላል። በጫማ ተራ ግራና ቀኙን በቁጥሩ ማጣመር፣ በበርበሬ ተራ ዛላውን መቀንጠስ፣ በጨርቃ ጨርቅ ቤት ማጠፍ እንዲሁ ነው። ሌላውን ሰው የሚያሰለቸው ተደጋጋሚ ሥራ፣ ሥርዓት ለሚወድ ኦቲዝም ላለበት ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያረጋጋው ይሆናል።

በውጭ አገርም ይህ ተሞክሮ ታይቷል። በዴንማርክ ቶርኪል ሶን የተባለ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት በ2004 እ.ኤ.አ. «ስፔሻሊስተርነ» የተባለ ድርጅት አቋቁሞ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም ስሕተት እንዲፈትሹ ቀጠረ። ሥራው ጥቃቅኑን ሁሉ ሳይሰለቹ ማየትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ድርጅቱ ዋጋ ተከፍሎት የሚሠራ የንግድ ቤት ሆነ። የእኛ ገበያ የኮምፒውተር ባይሆንም ብልሃቱ አንድ ነው፤ ሰውን ከሚችለው ሥራ ጋር ማገናኘት ነው።

ሠራተኛ ለመቀበል የሚያስብ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢያስተውል ይጠቀማል። አንደኛ፣ ሠራተኛው በተቻለ መጠን ከሱቁ ፊት ይልቅ ጸጥ ባለው የመጋዘን ክፍል ይሥራ፤ የመኪና ጥሩምባና የተሸካሚ ግፊያ እንዳይረብሸው። ሁለተኛ፣ የሚያሳየው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ብዙ ሰው ሲያዝዘው ይደናገራል። ሦስተኛ፣ በቃል ብቻ ከመንገር ሠርቶ ማሳየት፣ የሥራውንም ቅደም ተከተል በሥዕል ለጥፎ ማስቀመጥ ይረዳል። አራተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወላጅ ወይም ከማዕከሉ የተላከ መምህር አብሮት ቢውል መልካም ነው።

በዚያው ልክ መጠንቀቅ ያሻል። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሊቀጠር አይችልም፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 18 ያልሞላውም ልዩ ጥበቃ አለው። ደመወዙ ሌላው ለዚያው ሥራ በሚያገኘው ልክ በጽሑፍ ውል ይወሰን። «ውሎ መግባቱ ይበቃዋል» እያሉ ያለ ዋጋ ማሠራት ብዝበዛ ነው። ወጣቱን ለንግድ ቤቱ ስም ማስጠሪያ አድርጎ ፎቶግራፉን መለጠፍም ክብሩን መንካት ነው።

ሠራተኛ ለመቀበል የማይመቸው ነጋዴም ቢሆን በደንበኛ አቀባበሉ ሊያግዝ ይችላል። ከእናቱ ጋር የመጣ ወጣት ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ወይም ዕቃ ቢነካ፣ ትኩር ብሎ ከማየትና ከማባረር ይልቅ መቀመጫ መስጠት፣ ቶሎም ማስተናገድ ይገባል። «ዘገምተኛ» እና «የማይረባ» የሚሉት ቃላት ከአንደበታችን ይውጡ።

የዕድርና የዕቁብ ድርሻ

መርካቶ አዲስ ማኅበር ሳያቋቁም ሊሠራበት የሚችል መሣሪያ በእጁ አለ፤ እርሱም ዕድሩና ዕቁቡ ነው። ዕድር ለሐዘን ቀን እንደሚደርስ ሁሉ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ አንድ አንቀጽ ጨምሮ እንዲህ ያለ ልጅ ላላቸው አባላት ተራ እየገቡ ልጁን የሚጠብቁ ሰዎች ሊመድብ ይችላል። ዕቁብም ለችግረኛ አባል ዕጣውን ማስቀደም የቆየ ልማዱ ስለሆነ፣ ልጁን ወደ ማዕከል ለማስገባት ገንዘብ ላነሰው ወላጅ ይህንኑ ቢያደርግ ከሥርዓቱ አይወጣም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

በጠቅላላው ለመርካቶ ነጋዴዎች የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየተራው ያሉ ነጋዴዎች ተነጋግረው ለጊዜው በአንድ ተራ አንድ የሥራ ቦታ ያዘጋጁ፤ ከማዕከላቱም ጋር በመነጋገር ለቦታው የሚስማማውን ሠራተኛ ይምረጡ። ስድስት ወር ሠርቶ ውጤቱ ይታይ። መልካም ሆኖ ከተገኘ ሁለተኛው ቦታ ያለ ብዙ ንግግር ይከፈታል፤ ነጋዴ በዓይኑ ያየውን ትርፍ ሁለተኛ እንዲነገረው አይፈልግምና።