በዐረብኛ የተጻፈ ሁሉ የዲን ኪታብ አይደለም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕሳችን በአንዳንዶቻችን ቤት በጨርቅ ተጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጡ የኮከብ ቆጠራና የሲሕር መጻሕፍት ነው። ለዚህ ያነሳሳን አንድ አባት ያመጡልን ጥያቄ ነው። ልጃቸው ታጭታ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ የኒካሑ ቀን ሊቆረጥ ሲል አንድ ዘመድ ከአያት የተረፈ ያረጀ መጽሐፍ ገልጦ «ኮከባቸው አይገጥምም፤ ይህ ትዳር አይቆምም» አላቸው። አባትየው በወጣቱ ላይ አንድም እንከን አላዩም። ሆኖም «መጽሐፉ በዐረብኛ ነው፤ ሲጀምርም ቢስሚላህ ይላል፤ ታዲያ እንዴት ውሸት ይሆናል?» አሉን። ጥያቄው የእርሳቸው ቤት ብቻ ስላልሆነ ከሥሩ እንመልከተው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ቆጠራ ከየት መጣ? ሰማይን በ12 እኩል ክፍሎች የከፈሉት ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት የባቢሎን ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ግሪኮች ወሰዱት። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ መጽሐፍ ጻፈበት፤ በዐባሲያ ዘመን ደግሞ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ886 የሞተው አቡ መዕሸር በዚህ ሙያ ስሙ የገነነ ነበር፤ ዛሬ በየገበያው የሚሸጡ የኮከብ መጻሕፍት በስሙ ይጠራሉ። «ሸምሱል መዓሪፍ» የተባለው የጠልሰም መጽሐፍ በአሕመድ አል-ቡኒ ስም ይታወቃል፤ ትልቁ ቅጂ ግን ሰውየው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ከልዩ ልዩ ጽሑፎች የተለቃቀመ መሆኑን አጥኚዎች ደርሰውበታል።

በአገራችን በአማርኛ የሚነበበው «ዐውደ ነገሥት»ም ከዚህ ወንዝ የተቀዳ ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት እያለ የሚቆጥራቸው ስሞች ሁሉ የዐረብኛ ቃላት ናቸው። ቋንቋው ዐረብኛ መሆኑ ግን ከወሕይ አያደርገውም። ዐረብኛ የቁርአን ቋንቋ ነው፤ የነጋዴውም፣ የገጣሚውም፣ የጠንቋዩም ቋንቋ ሆኖ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ስሌቱን ራሱን እንፈትሸው። በእነዚህ መጻሕፍት ዘንድ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ይህም አብጀድ ይባላል። የሰውየውና የእናቱ ስም ተደምሮ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር «ኮከብህ» ይባላል። ለምሳሌ እናቱ ፋጢማ የምትባል ሷሊሕ የሚባል ሰው እንውሰድ። ሷሊሕ፦ ሷድ 90፣ አሊፍ 1፣ ላም 30፣ ሓ 8፤ ድምሩ 129። ፋጢማ፦ ፋ 80፣ አሊፍ 1፣ ጧ 9፣ ሚም 40፣ የመጨረሻዋ ታ መርቡጧ እንደ ሃ ስትቆጠር 5፤ ድምሩ 135። ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ 264 ይሆናሉ። በ12 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም፤ ስለዚህ ኮከቡ 12ኛው ሑት ነው ይላሉ።

ነገር ግን ያቺኑ የመጨረሻ ፊደል እንደ ታ የሚቆጥር ሰው 400 ይሰጣታል። ያን ጊዜ ድምሩ 659፣ ቀሪው 11፣ ኮከቡም ደለዊ ይሆናል። በመግሪብ አገሮች አብጀድ ደግሞ ሷድ 90 ሳትሆን 60 ናት፤ በመጀመሪያው አቆጣጠር ላይ ይህን ብንለውጥ ድምሩ 234፣ ቀሪው 6፣ ኮከቡ ሰንቡላ ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንዲት እናት፣ ሦስት ኮከብ! በዚህ ሁሉ መሐል ቀና ብሎ ሰማዩን ያየ ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ ዲናችን ምን ይላል? በሱረቱ አል-በቀራህ 102ኛው አያ የባቢል ሰዎች ሲሕርን ሲማሩ ባልና ሚስትን የሚለያዩበትን ይማሩ እንደነበር አላህ ነግሮናል። ያ መጽሐፍ በእኚህ አባት ቤት ሊሠራው የነበረውም ሥራ ይኸው ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ለሞቱ ነው አሉ። እርሳቸው ግን በሐዘናቸው ውስጥ ሆነው ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ተአምራት እንጂ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት የማይጋረዱ መሆናቸውን አስተማሩ። ጠንቋይን ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሰላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝም በሙስሊም ዘገባ ተላልፏል።

ይህ ማለት ሰማይን ማጥናት ሐራም ነው ማለት አይደለም። ቂብላንና የሰላት ወቅትን ለማወቅ ዑለማዎቻችን ዒልሙል ፈለክን ተምረዋል፤ አስተምረዋል። የከዋክብትን አካሄድ ማስላት ዕውቀት ነው፤ ከዋክብት የሰውን ዕድል ይወስናሉ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ኢብኑ ሲና፣ ኢብኑል ቀይምና ኢብኑ ኸልዱን ይህንን ሁለተኛውን በጽሑፎቻቸው ውድቅ አድርገውታል።

ታዲያ በሳጥናችን ያለውን ምን እናድርገው? በችኮላ አናቃጥል፣ ለሻጭም አንስጥ። ከአያቶቻችን የተረፈው ጥቅልል የፊቅህ፣ የሲራ ወይም የቁርአን ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ዐረብኛ ጠንቅቆ ለሚያነብ ዓሊም እናሳይ። የዲን ኪታብ ከሆነ እንጠብቀው፤ እንማርበት። የጠልሰምና የቆጠራ ከሆነ ግን ማንም እንዳይሠራበት ከቤታችን ይውጣ። ልጆቻችንንም ዐረብኛ እናስተምር፤ ማንበብ የማይችል ቤት የተጻፈ ሁሉ ያስፈራዋል።

ለእኚያ አባት ይህን ስሌት ፊት ለፊታቸው በወረቀት ሠራንላቸው። ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ታዲያ በምን ልወስን?» አሉን። የወጣቱን ሰላት፣ ጠባዩንና እንጀራውን ጎረቤቶቹን ይጠይቁ፤ ልጅዎን ራሷን ይጠይቁ፤ ከዚያ ኢስቲኻራ ሰግዳችሁ በአላህ ተመኩ አልናቸው። ጠየቁ፤ ኒካሑም ታሰረ።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን ከሺርክ ያጽዳ፤ ጠቃሚ ዕውቀትንም ይለግሰን። አሚን!