የድባቴ መድኃኒትና የእንቅርት ዕጢ

ድካም የተጫጫነው፣ እንቅልፍ አልጠግብ ያለው፣ ሳይበላ የሚወፍርና ነገር ሁሉ ያስጠላው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ችግሩ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ታይሮይድ የተባለችው የእንቅርት ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ማነስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ። ጠንቃቃ የአእምሮ ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ደም የሚያስመረምረው ለዚህ ነው።

በቅድሚያ የሚታየው ቲኤስኤች የተባለው ሆርሞን ነው። ይህን የምታመነጨው ታይሮይድ ሳትሆን በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። የታይሮይድ ሆርሞን በደም ውስጥ ሲጎድል ፒቱታሪ «ጨምሪ» እያለች ትእዛዟን ታበዛለች። ስለዚህ የቲኤስኤች ቁጥር ከፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ታይሮይድ ደክማለች ማለት ነው፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥሩን ያየ ሰው ግን ዕጢዋ የበረታች ሊመስለው ይችላል።

ታይሮይዱ ጤነኛ ለሆነ ሰው እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች እምብዛም አያሳስቡም። የሆርሞኑ መጠን ጥቂት ቢቀንስ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከጤናማው ልክ አይወጣም። ጥንቃቄ የሚያሻቸው ዕጢዋ ደክማ ወይም በቀዶ ሕክምና ወጥታ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ምትክ ሆርሞን የሚወስዱ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሰርትራሊን ሲጀምሩ ቲኤስኤቻቸው እንደሚጨምር በ1997 እ.ኤ.አ. ተጽፏል፤ ዛሬ ይኸው ማስጠንቀቂያ በሌቮታይሮክሲን መግለጫ ላይ ሰፍሯል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች ደግሞ ከሌቮታይሮክሲን ጋር ሲወሰዱ የልብ ምት የመዛባት ሥጋት ይጨምራል።

ዕጢዋን ከሁሉ የሚፈታተናት ሊቲየም ነው። በዋናነት የሚሰጠው ለባይፖላር ሕመም ቢሆንም፣ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን አልሠራ ሲል ይደረብበታል። ሊቲየም ታይሮይድ ውስጥ ይጠራቀምና የተመረተው ሆርሞን ወደ ደም እንዳይወጣ ያግዳል። ፒቱታሪ ትእዛዟን ስታበዛ ዕጢዋ ታብጣለች። የዴንማርኩ ሐኪም ሞገንስ ሹና ባልደረቦቹ ሊቲየም በሚወስዱ ሰዎች ላይ እንቅርት መታየቱን የጻፉት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንደሚባለው፣ እዚህ ደግሞ በድባቴ ላይ እንቅርት መጣ። ይሁንና ይህ ሊቲየምን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንሱ ማስረጃ ካላቸው ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ነውና። ብዙውን ጊዜ ሊቲየሙ ሳይቋረጥ ሌቮታይሮክሲን ይጨመርበታል፤ ቲኤስኤችም ሕክምናው ሲጀመር፣ ከዚያም በየ6 ወሩ ይታያል።

የሚገርመው ነገሩ በተቃራኒውም መሥራቱ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አርተር ፕራንጅና ባልደረቦቹ ኢሚፕራሚን ለሚወስዱ የድባቴ ሕሙማን ቲ3 የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ጨመሩላቸው፤ ታካሚዎቹም ቶሎ ተሻላቸው። ዘዴው ዛሬም ግትር ድባቴ ሲያጋጥም ይሞከራል።

ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ሰርትራሊን ከጀመረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ቲኤስኤቹን ቢያስመረምር ጥሩ ነው፤ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ያሳስታል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝም ጥፋቱን በሰርትራሊን ላይ ከመጣል በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ክኒኑ የሚዋጠው በምንድን ነው? ቡና ሌቮታይሮክሲን ወደ ሰውነት እንዳይሰርግ ያውካል። በባዶ ሆድ በውሃ ከዋጡት በኋላ ቡናውም ቁርሱም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል።