በመስኮት የተሰማ ቅዳሴ

በኢጣልያ አገር በሎምባርዲያ የምትገኘው የሚላኖ ከተማ በስድሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ በቸነፈር ተመትታለች። በሁለቱም ጊዜ የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ ከአንድ ቤት፥ ማለት ከቦሮሜዎ ቤተሰብ የተወለዱ ሰው ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ ሕዝቡ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ምሕላም ያዘ። የምሕላው አያያዝ ግን አንድ አልነበረም።

የፊተኛው መቅሠፍት የመጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1576 ዓ.ም. ነው። በሽታው ከከተማው መግባቱ ሲታወቅ፥ ስለ እስፓኝ ንጉሥ ሚላኖን ይገዛ የነበረው እንደራሴ ከተማይቱን ለቆ ወጣ፤ ከመኳንንቱና ከባለጸጎቹም ብዙዎች ሸሹ። ሊቀ ጳጳሱ ካርዲናል ካርሎ ቦሮሜዎ በዚያን ሰዓት በሎዲ ከተማ ነበሩና፥ ሌላው ሁሉ ከሚሸሽባት ከተማ እሳቸው ተመልሰው ገቡ። ዕድሜያቸው ገና አርባ አልሞላም ነበር። ኑዛዜያቸውን ጻፉ፤ የብር ዕቃቸውን አስቀልጠው ለድሆች ቀለብ አደረጉት፤ የመንበረ ጵጵስናው መጋረጃ ሳይቀር ተቀድዶ ለታረዙት ልብስ ሆነ።

በኦክቶበር ወር ምሕላ በታወጀ ጊዜ ካርዲናሉ ጫማቸውን አውልቀው፥ በአንገታቸው ገመድ አስረው፥ የጌታ ችንካር የሚባለውን ቅዱስ ንዋይ በመስቀል ላይ ይዘው በባዶ እግራቸው በመንገድ ዞሩ። ይህን የሰማ ሰው ትልቅ ግርግር የነበረ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሴቶችና ልጆች ከቤት እንዲቆዩ ተደረገ፤ በበሽታው የተጠረጠረ ሁሉ ተከለከለ፤ የቀሩትም ወንዶች በሁለት ወገን አንድ አንድ ሆነው፥ በመካከላቸው ርቀት እየተዉ ሄዱ። ካርዲናሉ ራሳቸውም ሕመምተኞችን ሲጐበኙ ሰው እንዳይጠጋቸው ዘንግ ይይዙ፥ በሆምጣጤ የተነከረ ስፖንጅም አይለያቸውም ነበር። የዚህ በሽታ ተሐዋሲ የታወቀው ገና በ1894 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ይህን ያደረጉት በሳይንስ ሳይሆን በማስተዋል ነው።

በዚያው ወር መጨረሻ ከቤት አትውጡ የሚል አዋጅ ወጣ። እንግዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካልተቻለ፥ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሕዝቡ መምጣት ነበረባት። በየመስቀለኛው መንገድ መሠዊያ ተሠርቶ ቅዳሴ ተቀደሰ፤ ሕዝቡም ከየደጁና ከየመስኮቱ ሆኖ አስቀደሰ። ካህናቱ በየቤቱ ደጃፍ እየቆሙ የንስሐ ቃል ተቀበሉ። በቀንና በሌሊት ሰባት ጊዜ ደወል ሲደወል አንዱ ከዚህ መስኮት ጸሎቱን ያነሣል፥ ከማዶ ያለው ጎረቤት ይቀበለዋል፤ ጐዳናው ባዶ ሳለ ከተማው በሙሉ ይዘምር ነበር። ያም ሆኖ 17,000 ያህል ሰው ሞተ። ካርዲናሉ ግን በቸነፈሩ ሳይያዙ ቀርተው በ1584 ዓ.ም. በሌላ ሕመም ዐረፉ፤ በ1610 ዓ.ም. ቅዱስ ተባሉ።

ሁለተኛው ቸነፈር በ1630 ዓ.ም. ሲነሣ፥ በመንበሩ ላይ የነበሩት የካርሎ የአጎት ልጅ ካርዲናል ፌደሪኮ ቦሮሜዎ ናቸው። የአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍትን ያቋቋሙ፥ የተማሩና ለድኻ የሚራሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ሽሹ ቢባሉ እንቢ አሉ። የከተማው ሹማምንት የቅዱስ ካርሎ ዐፅም ወጥቶ ሕዝቡ በሙሉ ይከተለው ብለው በለመኑ ጊዜ፥ ካርዲናሉ ሰው ከተሰበሰበ በሽታው ይስፋፋል ብለው ከለከሉ። ልመናው ሲደጋገም ፈቀዱ። በየቤቱ ሬሳ ተጋድሞ ምሕላ ይያዝልን የሚልን ሕዝብ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ፥ የሚፈርድባቸው ሁሉ ቢያስበው መልካም ነው።

ጁን 11 ቀን ዐፅሙ በከተማው ዞረ፤ ሕዝቡም እየተጋፋ ተከተለ። ከዚያም በካቴድራሉ ውስጥ ስምንት ቀን ሕዝብ እንዲሳለመው ተቀመጠ። ወዲያው የሟቹ ቍጥር እጅግ ጨመረ። ከ130,000 ያህል ሕዝብ 60,000 የሚሆነው በዚያ መቅሠፍት እንዳለቀ ይገመታል።

ከከተማው በር ውጭ 288 ክፍል ያለው ላዛሬቶ የሚባል የሕመምተኞች ማግለያ ነበረ። የሚያስተዳድረው ሰው ስለ ጠፋ ለካፑቺኒ መነኮሳት ተሰጠ፤ እነዚህም በኤርትራ ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቁት የዚያው ማኅበር ሰዎች ናቸው። አለቃቸው አባ ፌሊቼ ካዛቲ በሽታው ይዟቸው ዳኑ፤ ብዙዎቹ መነኮሳት ግን ሕሙማንን ሲያጥቡና ሲያጐርሱ በዚያው ሞቱ።

ሕዝቡ በበኩሉ መጋፋቱ እንደ ጐዳው አላመነም። መርዝ ቀቢዎች በሰልፉ ውስጥ ገብተው ዱቄት ነሰነሱብን አለ። ሁለት ሰዎች፥ አንዱ የጤና ጥበቃ ሠራተኛ ሌላው ፀጕር አስተካካይ፥ በሥቃይ ብዛት ያልሠሩትን አመኑና በአውጉስት መጀመሪያ ተገደሉ። የፀጕር አስተካካዩ ቤት ፈርሶ በቦታው የውርደት ዐምድ ተተከለ፤ ዐምዱም እስከ 1778 ዓ.ም. ድረስ ቆሞ ነበር።