ስለ ሸክላ ዕቃ ቅብና ስለ ብርታቱ

ቡና በሚፈላበት ስፍራ ሁለት ዐይነት የሸክላ ሥራ እናያለን፤ አንደኛው ቅብ የሌለው ጥቁሩ ጀበና፥ ሁለተኛው እንደ መስተዋት በሚያብለጨልጭ ቅብ የተሸፈነው ነጩ ሲኒ ነው። ቅቡ ለውበትና ለንጽሕና ብቻ የተደረገ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላው ይህ ቅብ ዕቃውን ሊያበረታው ወይም ሊያደክመው የሚችል መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን።

ቅቡ በእቶን ውስጥ ቀልጦ ከሸክላው ጋራ የሚጣበቅ ብርጭቆ ነው። ለፖርሴሊን ዕቃ የእቶኑ ሙቀት እስከ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ዕቃው ሲበርድ ሸክላውም ቅቡም ይኮማተራሉ፤ የብርታቱም ምስጢር በዚህ ላይ ነው። ሸክላው ከቅቡ ጥቂት አብልጦ የተኮማተረ እንደ ሆነ ቅቡን ጨምቆ ይይዘዋል። ብርጭቆ ሲጨመቅ ጽኑ፥ ሲወጠር ግን ደካማ ነውና፥ እንዲህ ያለው ዕቃ በቀላሉ አይሰበርም። ቅቡ አብልጦ የተኮማተረ እንደ ሆነ ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይቀራል፤ በመጨረሻም የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዕቃውም ካልተቀባው ይልቅ ሊደክም ይችላል። ጭምቀቱም ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ቅቡ ከዕቃው ከንፈር ላይ እየተላጠ ይወድቃል።

ስንጥቁ ሁልጊዜ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። እርጥበት የሚመጥ ሸክላ ከዓመታት በኋላ ጥቂት በጥቂት ስለሚያብጥ፥ አዲስ ሳለ ደኅና የነበረው ሳህን በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጀበና በእሳት ላይ የሚጸናው ገላው ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ስለ ሆነ ነው፤ የተጀመረው ስንጥቅ ከቀዳዳው ሲደርስ ብዙ ጊዜ በዚያው ይቆማል። የሲኒው ገላ ግን ጥብቅ ስለ ሆነ በጀበና ሕግ ሊያዝ አይገባውም።

እንግዲህ እመቤቶች ሆይ፥ ዕቃ ስትገዙ በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ምረጡ፤ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅ መኖሩን ያስጠረጥራልና። የቀዘቀዘውን ሲኒ አስቀድማችሁ በለብታ ውሃ አሙቁት እንጂ የፈላ ቡና በድንገት አትቅዱበት። ወተትና ወጥ በስንጥቁ ገብቶ በእጥበት የማይለቅ እድፍ ስለሚሆን፥ በተሰነጠቀ ሳህን የሕፃናትን ምግብ አታቅርቡ። የተሰበረ ሲኒ ከገበያ ይተካል፤ በሕፃን ገላ ላይ የፈሰሰ ትኩስ ቡና ግን የማይጠፋ ጠባሳ ሊተው ይችላልና፥ ቅቡ የተሰነጠቀውን ዕቃ ሳይፈነዳ አስቀድሞ ከገበታ ማንሣት ይገባል።